ሁላችን ከጭቃ ከሆንን

ባለፈው ወር አንድ ማታ ከራት በኋላ በዶርሚቶሪያችን ስድስት ሆነን ስንጫወት፣ ነገር ከነገር ተያይዞ ዓለም እንዴት ተፈጠረ ወደሚለው ጥያቄ ደረስን። ከጋምቤላ የመጣ አንድ የኑዌር ተወላጅ ወንድማችን አያቱ ያወሩለት የነበረውን ያወጋን ጀመር። በጥንት ዘመን ሰማይና ምድር በገመድ የተያያዙ ነበሩ፤ ያረጀ ሰው በገመዱ ወደ ሰማይ ይወጣና ወጣት ሆኖ ይመለስ ነበር አለን። ገና ሳይጨርስ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከመካከላችን አንዱ «ገመዱን ምን ላይ አሠሩት?» ብሎ ጠየቀው። ወንድማችን ዝም አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ደብተሩን ይዞ ወጣ።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። እርሱ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እኔ ከልጅነቴ የተማርሁት ሰው ከምድር አፈር መበጀቱን ነው። ያን ያህል ዘመን ስሰማው አንድም ቀን «ጭቃው በምን ተቦካ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የራሴን በአክብሮት፣ የጓደኛዬን በሳቅ የተቀበልሁት ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ከዚያች ማታ ወዲህ ሳነብና ሳስብ የደረስሁበትን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ለማካፈል የተጻፈ ነው። የማንንም ሃይማኖት ለመንካት አይደለም። ማመን የእያንዳንዱ ነው፤ መመርመር ግን የሁላችን የተማሪዎች ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የሚያስደንቀው ሕዝቦች ስለ ፍጥረት የሚናገሩት መመሳሰሉ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ጨለማና ጥልቅ ውኃ እናገኛለን። ባቢሎናውያን በሰባት የሸክላ ጽላት ላይ በጻፉት «ኤኑማ ኤሊሽ» በተባለው ድርሰት ደግሞ መጀመሪያ የነበሩት አፕሱና ቲያማት፣ ማለት የሚጠጣው ውኃና ጨዋማው ባሕር ናቸው። ማርዱክ የተባለው አምላክ ቲያማትን ድል ነሥቶ እንደሚደርቅ ዓሣ ለሁለት ሰነጠቃት፤ በእኩሌታዋም ሰማይን ሠራ። በግብፃውያን ዘንድ ከሁሉ በፊት ኑን የሚባል ውኃ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በውቅያኖስ ተለይተው በመካከለኛው አሜሪካ የኖሩት የማያ ወገን የሆኑት ኪቼዎች «ፖፖል ቩህ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ መጀመሪያ ሰማይና የረጋ ባሕር ብቻ እንደ ነበሩ ይናገራሉ።

ስለ ሰው አፈጣጠር ሲሆን ደግሞ ጭቃው አገር ለአገር ይዞራል። ግብፃውያን ክኑም የሚሉትን አምላክ ሰውን በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ሲያበጅ በቤተ መቅደሶቻቸው ግድግዳ ላይ ቀርጸውታል። የግሪኩ ባለቅኔ ሄሲዮድ ፓንዶራ የተባለችው ሴት ከአፈርና ከውኃ ተለውሳ ተሠራች ይላል። በቻይና ኑዋ የተባለችው እናት ሰውን ከቢጫ አፈር አበጀች ይባላል። በዕብራይስጥ «አዳም» የሚለው ስምና አፈር ማለት የሆነው «አዳማ» ይቀራረባሉ። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ በግእዙ በኩል ሄደው አዳም ማለት ያማረ ማለት ነው ብለው ተርጉመውታል።

ይህ መመሳሰል ከየት መጣ? አንዳንዶቹ ታሪኩ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ተላለፈ ይላሉ። በእርግጥም ጆርጅ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ ከነነዌ ፍርስራሽ የወጡትን ጽላቶች አንብቦ በ1876 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፣ ባቢሎንና ዕብራውያን ጎረቤት መሆናቸው በታሪካቸውም እንደሚታይ ዓለም ተረድቷል። ሌሎቹ ደግሞ ሰው በየትም ቢኖር ኑሮው ስለሚመሳሰል ሐሳቡም ይመሳሰላል ይላሉ። ጎርፍ ሲጎድል ደረቅ መሬት ብቅ ሲል ያየ፣ ሙቱን በአፈር የቀበረ፣ ጭቃ አቡክቶ ማሰሮ የሠራ ሕዝብ ሁሉ ወደዚሁ ሐሳብ ሊደርስ ይችላል። እኔ ሁለቱም እውነት እንዳለባቸው አምናለሁ። ይሁን እንጂ በመመሳሰሉ ብቻ ተደንቀን ብንቀር ዋናውን ነገር እናልፈዋለን። ዋናው ነገር ሰው ለምን ተፈጠረ የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ሕዝቦች በጣም ይለያያሉ።

ለምሳሌ ያህል «አትራሐሲስ» የተባለውን የባቢሎን ድርሰት እንመልከት። የምናውቀው ጥንታዊ ግልባጭ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ ነው። እንደ ድርሰቱ አነጋገር ሰው ከመፈጠሩ በፊት ሥራው ሁሉ የታናናሾቹ አማልክት ነበር። ቦይ የሚቆፍሩት እነርሱ ነበሩ፤ ጤግሮስንና ኤፍራጥስንም የቆፈሩት እነርሱ ናቸው። ብዙ ዘመን ከለፉ በኋላ ግን መረራቸው። መቆፈሪያቸውንና ቅርጫታቸውን አቃጥለው በሌሊት የአለቃቸውን የኤንሊልን ቤት ከበቡ። መሪያችሁ ማን ነው ተብለው ቢጠየቁም ሁላችንም ነን ብለው መለሱ። አድማ የሚለውን ቃል የሰማ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያነበው አይጠላውም።

ታላላቆቹ አማልክት ተማከሩ። የአድመኞቹን ሥራ ከማቅለልና የራሳቸውን ድርሻ ከመሥራት ይልቅ ሌላ መላ አገኙ። ከመካከላቸው አንዱ ታረደ፤ ሥጋውና ደሙ ከጭቃ ጋር ተለወሰ፤ ሰውም ተፈጠረና ቀንበሩን ተሸከመ። «ኤኑማ ኤሊሽ»ም በኪንጉ ደም ይህንኑ ይደግማል። ይህ ድርሰት በባቢሎን የአዲስ ዓመት በዓል በማርዱክ ፊት በካህን ይነበብ ነበር። እንግዲህ ሰው የተፈጠረው እርሱ እንዲሠራ፣ አማልክት እንዲያርፉ ነው ማለት ነው። በምድር ላይ በአማልክት ስም የሚያርፈውና የሚበላው ማን እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም፤ ቤተ መቅደሱና ቤተ መንግሥቱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኦሪት ስንመለስ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ፈጣሪ ራሱ ሠርቶ ራሱ ዐረፈ። ዕረፍቱንም ለብቻው አልያዘውም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 የፍጥረት ስድስት ቀን ምክንያት ሆኖ፣ ባሪያና ገረድ፣ እንግዳና ከብት ሳይቀሩ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ታዘዘ። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌም በስድስት ቀን የተፈጠሩትን ሃያ ሁለት ሥራዎች ከቆጠረ በኋላ፣ መላእክት በሰማይ ሰንበትን ከፈጣሪ ጋር እንደሚያከብሩ ይናገራል። ጭቃው ያው ጭቃ ነው። በአንደኛው ቤት ጭቃው ጭነት ተሸካሚ ወጣው፤ በሁለተኛው የፈጣሪው አርኣያ ወጣው። ኦሪት ባርነትን አላስቀረም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ጌታው ለባሪያው የማይነካው አንድ ቀን እንዳለ አሳውቆታል።

ሌላው ምሳሌ ከሕንድ ነው። በ«ሪግ ቬዳ» ዐሥረኛ መጽሐፍ ውስጥ ፑሩሻ የተባለው ታላቅ ሰው ተሠዋ፤ ከአፉ ብራህሚኖች፣ ከክንዱ ገዢዎችና ጦረኞች፣ ከጭኑ ነጋዴውና አራሹ፣ ከእግሩ አገልጋዮቹ ሹድራዎች ወጡ ይላል። በቻይናም በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ዪንግ ሻኦ በጻፈው መጽሐፍ የኑዋ ታሪክ እንዲህ ተነግሯል። ኑዋ መጀመሪያ ሰዎችን አንድ በአንድ በእጇ ታበጅ ነበር። ሥራው ሲበዛባት ገመድ ጭቃ ውስጥ ነክራ አወጣች፤ ከገመዱ የተንጠባጠበውም ሰው ሆነ። በእጅ የተሠሩት ባለጸጎችና መኳንንት፣ የተንጠባጠቡት ድኾች ናቸው። እንዲህ የተነገረው ድኻ ለማን አቤት ይላል? ድኽነቱ ግብር ያስከተለው፣ መሬት ማጣት ያመጣው መሆኑ ቀርቶ ከአፈጣጠሩ የመጣ ሆነ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የእኛ ተረትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የሰውን ሥርዓት ከሰማይ ጋር አስሮ እንዳይነካ ያደርገዋል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። አያቴ በልጅነቴ የነገረችኝን ብዙዎቻችሁም ሰምታችሁታል ብዬ አምናለሁ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆችሽን አሳዪኝ ቢላት፣ ፈርታ መልከ መልካሞቹን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። የተደበቁት እንደ ተደበቁ ይቅሩ ተባለ፤ ዛር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ይህን ታሪክ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በሰሜን አውሮፓ በአይስላንድ ሔዋን ያላጠበቻቸውን ልጆች ደበቀች፤ እነርሱም የማይታዩት ሕዝብ ሆኑ እየተባለ ይነገራል። የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች በሰበሰቡት ተረት ውስጥ ደግሞ ሔዋን የደበቀችው መልከ ጥፉዎቹን ነው። ፈጣሪ ለመልከ መልካሞቹ ንግሥናን፣ ሹመትን፣ ንግድን፣ ትምህርትን ሰጠ። ይህን ያየች እናት የደበቀቻቸውን ብታወጣቸው እነርሱን ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ አንጥረኛ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ አደረጋቸው። ለምን ብትለው ሁሉ መስፍን ቢሆን ማን ያርሳል፣ ማን ይሸምናል የሚል መልስ አገኘች።

እንግዲህ አስተውሉ። እናቲቱ አንድ ናት፤ መደበቋም አንድ ነው። በእኛ አገርና በአይስላንድ ታሪኩ ስለማይታዩ ፍጥረቶች ሆኖ ቀረ። በጀርመን ግን የባላባትና የገባር ደብዳቤ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው ታሪኩ በራሱ ጌታም ባሪያም አለመሆኑን ነው። ዋናው የሚተርከውና የሚያስተረከው ሰው ነው። የአዳም ታሪክም እንደዚሁ ነው። በ1381 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ገበሬዎች ሲነሡ ጆን ቦል የተባለው ቄስ በአዳምና በሔዋን ዘመን ጌታና ገባር እንዳልነበረ ሰብኮበታል፤ በዚያው ዓመትም ተሰቅሏል። በአሜሪካ የነበሩ ባሪያ አሳዳሪዎች ደግሞ ከዚያው መጽሐፍ የካምን ታሪክ አውጥተው ጥቁርን ለመግዛት ተጠቀሙበት፤ መጽሐፉ ግን የተረገመው ከነዓን ነው ይላል።

እኅቶቻችን ቅር እንዳይላቸው አንድ ነገር ልጨምር። በዲንቃዎች ዘንድ ሰማይ ለምድር ቅርብ ነበር፤ አንዲት ሴት እህል ስትወቅጥ ዘነዘናዋን አብዝታ ብታነሣ ፈጣሪን ነካውና ራቀ ይባላል። በጋና አካኖችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የአሮጊትና የዘነዘና ታሪክ አላቸው። በግሪክ መከራን የለቀቀችው ፓንዶራ ናት፤ የሔዋንን ነገር ሁላችን እናውቃለን። በዲንቃና በአካን ታሪክ ውስጥ ሥራ ላይ የተገኘችው ሴቲቱ ብቻ ናት። የምትወቅጠው ቤተ ሰብ እንዲበላ ነው። ጥፋቱም የተጫነው በእርስዋ ላይ ነው። በባቢሎንም በሕንድም ያየነው ይኸው ነው፤ የሚሠራው ሰው በፍጥረት መጀመሪያ ላይ ዕዳ ይጻፍበታል።

አሁን ጽሑፉን ያስጀመረኝን ጭቃ ላንሣ። ከግብፅ እስከ ቻይና ፈጣሪን በሸክላ ሠሪ የመሰሉት ሸክላ ሠሪ ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ስለሚያውቁ ነው። ከማይረባ አፈር የሚረባ ነገር ያወጣል። በእኛ አገር ግን ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ እንስራውን፣ ድስቱን የምትሠራልን ሴት ምን ተባለች? ቡዳ ተባለች። ማረሻችንን የሚያወጣልን አንጥረኛ ጠይብ ተብሎ ተሰደበ፤ ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ። በሠሩት ምጣድ የተጋገረውን እየበላን ከእነርሱ ጋር አንድ መሶብ መቅረብን ነውር አደረግነው፤ ልጃችንን ለልጃቸው መዳርን እንደ ውርደት ቆጠርነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ ቦታ ዛሬም አልጠፋም። በየሰንበቱ ሰው ከአፈር ተበጀ ሲባል እየሰማን አፈር የምታበጀውን ጎረቤታችንን እንሸሻለን። ይህን ሁለት ነገር እንዴት አድርገን በአንድ ልብ እንደምንይዘው ለእኔ ግልጽ አይደለም።

የሚቃወመኝ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። ሰውን ከሰው ያበላለጠው ተረት አይደለም፤ መሬትና ጦር ነው። ተረቱ በኋላ የተደረበ ካባ ነው። በከፊል እስማማለሁ። ነገር ግን ካባው ባይጠቅም ኖሮ ገዢዎች በየዘመኑ ባልሰፉት ነበር። የሕንዱ ዶክተር አምቤድካር በ1927 እ.ኤ.አ. የፑሩሻን ታሪክ የሚደግመውን የማኑን ሕግ መጽሐፍ በሕዝብ ፊት ያስቃጠለው፣ በጉልበት ከተያዘው መሬት ይልቅ በሰው ልብ ውስጥ የተተከለው ነገር ለመንቀል እንደሚያስቸግር ስላወቀ ነው። እኔ መጽሐፍ እናቃጥል አልልም። የምለው በአእምሮ እናንብብ ነው።

ሳይንስ ይህን ሁሉ አልጨረሰውም ወይ የሚል ደግሞ ይኖራል። ሳይንስ ታላቅ ነገር ነግሮናል። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። በኦሞ የተገኙት የእንደኛ ያለ ሰው ዐጽሞች ደግሞ ከ200,000 ዓመት በላይ እንደ ሆናቸው ታውቋል። አንጥረኛውም ባላባቱም፣ ኑዌሩም አማራውም ከአንድ ግንድ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሆኖም ዐጽሙ ስለ ዕድሜያችን እንጂ ውኃውን ማን ይቅዳ፣ ጥላው ሥር ማን ይቀመጥ ስለሚለው አይነግረንም። ይህን የሚወስነው ዛሬም እኛው ነን፤ ስንወስንም ከልጅነት የሰማነው ታሪክ በጆሯችን ያንሾካሹካል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሥነ ጽሑፍና በታሪክ ትምህርታችን የባቢሎንና የግሪክ ታሪክ ሲነገር የኑዌሩ ገመድና የሔዋን ሠላሳ ልጆች አጠገባቸው ይቀመጡ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት አንድ የፍጥረት ታሪክ ጽፈን ብንመለስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የትም የማይገኝ ስብስብ ይኖረናል። ሁለተኛ፣ የሰበሰብነውን ስናነብ፣ የራሳችንንም ጨምሮ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው፣ የሚያርፈውስ ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

ያን ወንድሜን በማግሥቱ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም ያቋረጥንበትን አስጨረስሁት። ጅብና አንዲት ወፍ በገመዱ ወደ ሰማይ ወጡ። ፈጣሪ ወደ ምድር ቢመለሱ ጥፋት ያመጣሉ ብሎ እንዲጠበቁ አዘዘ። እነርሱ ግን አንድ ሌሊት አምልጠው ወረዱ፤ ወደ ምድር ሲቃረቡ ጅቡ ገመዱን ቆረጠው፤ የቀረውም ወደ ላይ ተሰበሰበ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያረጀ ሰው ይሞታል። በታሪኩ ውስጥ ጌታ ሆኖ የተፈጠረ ሰው የለም፤ አገልጋይ ሆኖ የተፈጠረም የለም፤ ሞት ለሁሉ እኩል መጣ። ጅቡም እውነተኛ ጅብ ነው። ጎረቤቱን ጅብ ያደረገው የእኛ ታሪክ ነው፤ እኛ ግን በእርሱ ሳቅን።